ሊቀመንበሩና የተቀቀለው ስፖንጅ

ውኃ ለሚጠጡ፣ በውኃ ለሚታጠቡና ውኃ ለሚደፉ ሁሉ የወጣ መግለጫ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት ያልተቋረጠ አገልግሎት በኋላ፣ ክብደቱ ከአንድ ሎሚ የማይበልጥ፣ ጅራቱ እንደ አሮጌ መጋረጃ የተተለተለ፣ በዘመኑ ሁሉ አንድ ቃል ያልተናገረ፣ ማንንም ያልነከሰና የማንንም ወንበር ያልተመኘ አንድ የወርቅ ዓሣ፣ በጽዳት ስም ግፍ ሲፈጸምበት መኖሩ በማያሻማ ሁኔታ ስለተረጋገጠ፣ ከዛሬ ጀምሮ የመቆሸሽ ሙሉ መብቱ ተከብሮለታል። ይህን መብት በሳሙና፣ በበረኪና፣ በፈላ ውኃ ወይም በመልካም ሐሳብ የሚጥስ ማንኛውም ሰው በታሪክ ፊት ይጠየቃል።

ታሪክ ሥራ ስለሚበዛበት፣ ጠያቂነቱን ለጊዜው የያዘችው ሲስተር ናት። ቀድሞ ግፈኛዋም እሷው ነበረች። በሁለቱም ወንበር በየተራ የተቀመጠ ሰው ሞልቷል፤ ከአንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሲዛወር ያፈረ ግን እምብዛም አይገኝም። ሲስተር አፍራለች። ታሪኳ የሚነገርላትም ስለዚሁ ነው።

ሲስተር ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ከኖረ ባሏ ጋር የምትኖር ጡረተኛ ነርስ ናት። ሰፈሩ በሙሉ ሲስተር ይላታል። ባሏም ሲስተር ይላታል፤ ያኮረፈ ቀን ደግሞ «ክብርት ሲስተር»። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው በአንድ ሆስፒታል የማምከኛ ክፍል ውስጥ ነው። ቀዶ ሐኪም የቆረጠበት መቀስ፣ የያዘበት መቆንጠጫ፣ የለበሰው ጨርቅ ሁሉ ወደዚያ ክፍል በቆሻሻው መስኮት ይገባል፤ ይታጠባል፣ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ይጠቀለላል፤ ከዚያም አንዲት ነፍስ ያላት ነገር ሳትቀርበት በንጹሑ መስኮት ይወጣል። በየጥቅሉ ላይ ሲስተር በእጇ የጻፈችው ነጭ ፕላስተር ይለጠፋል፦ «የመከነ»፣ ቀን፣ ፊርማ።

ሐኪሞቹ ይፈሯት ነበር። አንድ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም አፍንጫውን አክኮ ወደ መቀሱ ሲዘረጋ፣ «ዶክተር፣ ከሁለት አንዱን ይምረጡ፤ አፍንጫዎን ወይም መቀሱን» ብላ እጁን አየር ላይ ያስቀረችው እሷ ናት። ሰውየው እስከ ዛሬ ሰው ፊት አፍንጫውን አያክክም ይባላል።

ዓሣው የመጣው ከዚያው ሆስፒታል ነው። በሕፃናት ክፍል መጠበቂያ ውስጥ፣ በክብ ጠርሙስ ተቀምጦ፣ መርፌ የሚጠብቁ ልጆችን ሲያባብል የኖረ ነው። አንድ ቀን ከላይ ኮሚቴ መጣ፤ ኮሚቴ ከታች መጥቶ አያውቅም። ኮሚቴው አየ፣ አጉረመረመ፣ ጻፈ፦ «በሕሙማን ክፍሎች አካባቢ ከሕሙማንና ከሠራተኞች በስተቀር ሕይወት ያለው ነገር እንዳይገኝ»። ደብዳቤው ክፍል ከክፍል ሲንከራተት ሰንብቶ ማምከኛ ክፍል ደረሰ፤ ሕይወት ያለውን ነገር ማጥፋት የማን ሥራ እንደሆነ ግልጽ ነውና። ሲስተር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ዓሣውን አየችው። ዓሣውም አያት። ከዚያ በደብዳቤው ግርጌ «ተፈጽሟል» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች፤ ዓሣውን በባዶ የግሉኮስ ላስቲክ ውስጥ አድርጋ፣ ጠርሙሱን በብብቷ ይዛ፣ በባሏ አውቶቡስ ወደ ቤቷ ሄደች።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የጻፈችው ብቸኛ የሐሰት ሪፖርት ይህ ነበር። በየዓመቱ ዓሣው በሕይወት ባደረ ቁጥር ሐሰትነቱ እየጸና ሄደ፤ እሷም በዚህ በድብቅ ትኮራለች።

ስሙን ያወጣለት ሾፌሩ ባሏ ነው። የመጀመሪያው ዕለት ጠርሙሱ ፊት ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና፣ «የአሽከርካሪዎች ማኅበር ሊቀመንበራችን ቁርጥ ይኼው ነው» አለ። «ስብሰባው ሙሉ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ስንወጣ፣ ምን አለ እየተባባልን እንጠያየቃለን።»

ሊቀመንበሩ በዚህ ቤት እንደ ቀዶ ሕክምና መሣሪያ ተያዘ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሲስተር በሻይ ኩባያ ትቀዳዋለች። ውኃውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ትደፋለች። ጠጠሩን ትቀቅላለች። ጠርሙሱን በበረኪና አሽታ ሰባት ጊዜ ታለቀልቃለች፤ ከዚያ ከቧንቧው በቀጥታ አዲስ ውኃ ትሞላለች። ጠርሙሱ ከመጥራቱ የተነሣ ሾፌሩ አንድ ሁለቴ፣ «ውኃ አለበት ወይስ ሰውዬው አየር ላይ ነው?» ብሎ ጠይቋል።

ቤቱም እንዲሁ ነው። ወለሉ ያበራል፣ መስኮቱ ያለ አይመስልም። ለዚህ ሁሉ ፍትጊያ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም የሾፌሩ ታላቅ እህት ናቸው። በቤቱ አጠራር እትዬ ይባላሉ። እትዬ በየወሩ የመጨረሻ እሑድ ለጥየቃ ይመጣሉ፤ ሲገቡ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ሰላምታው ሳያልቅ አመልካች ጣታቸው መደርደሪያው ላይ ናት። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት፣ ሲስተር ሻይ ይዛ ከጓዳ ልትወጣ ስትል፣ እትዬ ለአንዲት ጎረቤት በሹክሹክታ ያሉትን ሰማች። «ቤቱማ ያበራል፤ ምን ያደርጋል፣ እሷ መካን ናት።»

ሲስተር ያን ቀን ሻዩን አቀረበች። በማግስቱ ግን አዲስ መቦረሻ ገዛች። ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም፤ ይህን ማንም ሊያስተካክለው አልቻለም። ሁለተኛ ጉድለት ግን እትዬ በዚያ ቤት ውስጥ እንዳያገኙ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ፈተገች። ሰው ምሽግ በድንጋይ ይሠራል፤ እሷ በሳሙና ሠራች።

ነገሩ የተበላሸው ሊቀመንበሩ ያረጀ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ወርቅነቱ ለቀቀ፤ ሆዱ አካባቢ እንደታጠበ ካልሲ ነጣ። ቀጥሎ ክንፉ ተበላ። አንድ ጠዋት ሾፌሩ ቁርሱን ይዞ ጠርሙሱ አጠገብ ሲቀመጥ ዓሣው በጎኑ ተጋድሟል።

«ሲስተር፣ ሊቀመንበሩ ወደ ግራ አዘንብሏል።»

«ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?»

«እኔ ካለሁበት ወደ ግራ ነው።»

«ዞረህ እየው እስቲ።»

ዞሮ አየው። «ከዚህ ደግሞ ወደ ቀኝ ነው።» ቁርሱን ጎረሰ። «እንግዲያው ምንም አልሆነም፣ አመራር ላይ ነው።»

ሲስተር አልሳቀችም። የእጅ ሰዓቷን ይዛ ጎንበስ አለችና የጉንጩ ክዳን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ቆጠረች። ሁለት ጊዜ ቆጠረች። በዚህ ፍጥነት የሚተነፍስ ሰው ቢሆን ኖሮ አልጋ ታስይዘው ነበር። እና የምታውቀውን አንድ መድኃኒት ሰጠችው፤ ውኃውን በሳምንት ሁለቴ ትቀይር ጀመር። አልተሻለውም። ሦስቴ አደረገችው። ባሰበት። በባሰበት ቁጥር ታጥባለች፤ ባጠበች ቁጥር ይብስበታል። መንግሥታትም እንዲህ ነው የሚወድቁት፣ ግን እሱ ሌላ መግለጫ ይፈልጋል።

ሐሙስ ዕለት ሲስተር ከጠርሙሱ ፊት ቆማ፣ ለባሏም ለራሷም ሳይሆን እንዲሁ ለአየሩ፣ «ያ ወረቀት እውነት ሊሆን ነው» አለች።

ሾፌሩ የትኛው ወረቀት እንደሆነ አልጠየቀም። ጋዜጣውን አጠፈና፣ «ከገበያው ማዶ ዓሣ የሚሸጡ ሰውዬ አሉ» አለ። «በዘጠኝ ቁጥር መስመር ስመላለስ ሱቃቸውን አየው ነበር። አስተማሪ ነበሩ አሉ።»

ሱቁ ጠባብ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የመስታወት ገንዳ ተደርድሮበታል፤ ትናንሽ የአየር ፓምፖች እንደ ንብ ያጉረመርማሉ፤ የኩሬ ሽታ አለ። ሲስተር መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ገባች። ባለቤቱ ለረጅም ዘመን ባዮሎጂ ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ ኪሳቸው ውስጥ አሁንም ጠመኔ ይገኛል፤ ደንበኛ ሲያስረዱ ቆይተው፣ «ግልጽ ነው? ጥያቄ ያለው?» ይላሉ። በጀሪካን ያመጣችውን ዓሣ አጎንብሰው አዩት።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«እኔ ጋ ከመጣ አሥራ ሁለት። ሲመጣም ልጅ አልነበረም።»

«የሚኖረው የት ነው?»

«ክብ ጠርሙስ ውስጥ። በጣም ንጹሕ ነው» አለች ሲስተር፤ ይህን ለመናገር መሐረቡን አንሥታለች።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እመቤት፣ እርስዎ ከባለቤትዎ ጋር ሲጣሉ የት ይሄዳሉ?»

«ምን አገናኘው?»

«ይንገሩኝ ብቻ።»

«ጓዳ።»

«አዩ፣ ጥግ አለዎት። ይኼ ፍጡር አሥራ ሁለት ዓመት የሚያኮርፍበት ጥግ እንኳ አልነበረውም። ክብ ነገር ውስጥ ጥግ የለም። የትም ቢሄድ እዚያው ነው።»

ከዚያ እንደ ክፍል ውስጥ እየተንጎራደዱ ያስጽፏት ጀመር፤ እሷም በሪፖርት እጇ ጻፈች። ረጅምና አራት ማዕዘን የሆነ ገንዳ ያስፈልገዋል፤ ለሽማግሌ ጥልቀት ሳይሆን ስፋት ነው የሚበጀው፣ ወደ ላይ መውጣትና መውረድ ያደክመዋል። ታቹ ላይ ስለታም ጠጠር ሳይሆን ልሙጥ አሸዋ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው አፉ በተከፈተ ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ሁሉም ውኃ አንዴ አይደፋም፤ በሳምንት ሩቡ ይበቃል፣ የቀረው አይነካም። ምግቡ የሚሰጥም ይሁን፣ ላይ ላይ እያሳደደ አየር እንዳይውጥ፤ አልፎ አልፎም ቆዳው የተገፈፈ የበሰለ አተር። ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ሆኖ፣ ቀስ ያለ ይሁን፤ ያረጀ ክንፍ ወንዝ አይወድም።

«ይኼን ሁሉ ካደረጉ በኋላ» አሉና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ትልቁ ገንዳ ውስጥ ነክረው፣ ቡኒ፣ ሙልጭልጭ የሚል፣ ዝቃጭ የሚያንጠባጥብ ስፖንጅ አወጡ። «ዋናው መድኃኒት ይኼ ነው።»

ሲስተር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ይኼ ቆሻሻ ነው።»

«ሕይወት ያለው ቆሻሻ ነው። ዓሣ የሚሸናው የሚተነፍሰው ውኃ ውስጥ ነው። ያንን መርዝ የሚበሉለት ባክቴሪያዎች እዚህ ስፖንጅ ላይ ነው የሚኖሩት። እነሱ ከሌሉ ንጹሕ የሚመስለው ውኃ በቀን በቀን ይመርዘዋል። ግልጽ ነው?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስገድላቸው የኖርኩትን ዛሬ በእጄ ይዤ ቤቴ ላስገባ?»

«ጥሩ አጋጣሚ ነው» አሉ መምህሩ፤ «እግረ መንገድዎን ይቅርታ ይጠይቋቸዋል።»

ገንዳው በሁለተኛው ቀን ቤት ገባ። ሾፌሩ ጠረጴዛውን ግድግዳ አስጠግቶ፣ ላዩ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጦ፣ ውኃው ወዴት እንዳዘነበለ አጎንብሶ እያየ፣ ከአንደኛው እግር ሥር ካርቶን ሸጎጠ። አውቶቡሱን የሚያቆመውም እንዲህ ነበር፣ ተሳፋሪ ሻይ ቢይዝ የማይፈስበት ቦታ ፈልጎ። አሸዋው ገባ፣ ያደረው ውኃ ገባ፣ ፓምፑ ማጉረምረም ጀመረ። የቀረው ስፖንጁ ነው።

ሲስተር ስፖንጁን በሦስት ፌስታል ጠቅልላ ነበር ያመጣችው። ጓዳ ገብታ ሦስቱንም ፈታች። አንዲት ቡኒ ጠብታ ወለሏ ላይ ወደቀች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አእምሮዋ አላዘዘውም። እጅ ጡረታ አይወጣም። ስትሰናበት የሥራ ባልደረቦቿ የሸለሟት፣ ከአይዝጌ ብረት የተሠራች፣ ያረጀች ትንሽ የማምከኛ ድስት አለቻት። እጇ ድስቷን አወረደ። እጇ ውኃ ሞላ። እጇ ክዳኑን ገጠመና ሰዓቱን አየ። ሃያ ደቂቃ።

ሾፌሩ የጓዳውን በር ገርበብ አድርጎ አንገቱን አስገባ። «ምን እየቀቀልሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አይሸትም።»

«ሂድ ፓምፑን እይ» አለች።

እንደ ጥጥ የነጣ ስፖንጅ ገንዳው ውስጥ ገባ። ሊቀመንበሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንደ ተሾመ ሰው ከጥግ ጥግ ሲዞር ዋለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥግ አግኝቶ በአራቱም ተራ በተራ አኮረፈ። በአምስተኛው ቀን ግን ወደ ውኃው ፊት ወጥቶ አየር ይውጥ ጀመር። በስድስተኛው አሸዋው ላይ ተጋደመ። የጉንጩ ክዳን ውስጡ እንደ ተመታ ሥጋ ቀልቷል። ውኃው ግን ጥርት ብሎ ነበር፣ እንደ ሕሊና።

ሲስተር ስፖንጁን በፌስታል ይዛ ወደ መምህሩ ሮጠች ማለት ይቻላል።

መምህሩ ስፖንጁን ተቀበሉ። ጨመቁት። አሸተቱት። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋት።

«አጥበውታል።»

«ትንሽ ለቅለቅ አድርጌው ነው።»

«ሲስተር።»

«ለብ ባለ ውኃ።»

«ሲስተር።»

«ሃያ ደቂቃ» አለች፤ እንደ ተማሪ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ። «ክዳኑን ገጥሜ።»

መምህሩ አልተቆጡም። ስፖንጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አመከኑታ።»

«አዎ፤ ሥራዬ ነበር።»

«ሥራዎን አላልኩም። ቃሉን ልብ ይበሉት። ውኃው መካን ሆኗል ነው የምልዎት። ሊወልድ የሚችል አንድ ነገር ሳያስቀሩ ነው ያጸዱት። እንዲህ የጠራ ውኃ የታመመ ነው፤ ንጹሕ የሆነ ይመስላል እንጂ ባዶ ነው።»

አንድ የተገለበጠ ባልዲ ነበር፤ ሲስተር እላዩ ላይ ተቀመጠች። በእጇ የጻፈችው ያ ሁሉ ፕላስተር፣ ያ ሁሉ ጥቅል፦ የመከነ፣ የመከነ፣ የመከነ፣ ቀን፣ ፊርማ። ሠላሳ አንድ ዓመት። ያቺኑ ቃል ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት በጓዳ በር ሰምታ ተሸክማታለች። ሁለቱ በጭንቅላቷ ውስጥ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ግድግዳ ተጋርተው ሲኖሩ አንድም ቀን ተያይተው አያውቁም። አንደኛዋን በኩራት ስትለጥፍ፣ ሁለተኛዋን ለማስተባበል ስትፈትግ፣ እነሆ አንድ ሆነው ባልዲ ላይ አስቀመጧት።

መምህሩ ታለቅሳለች ብለው ፈርተው መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ጠመኔ አወጡ። ሲስተር ጠመኔውን አየች። ሳቀች። ቀስ ብሎ የጀመረ ሳቅ ነበር፤ ከዚያ ትከሻዋን አንቀጠቀጠው፤ ከዚያ ባልዲው ስር ስሩን እየተንቋቋ አብሯት ሳቀ። ትንንሾቹ ዓሦች ደንግጠው ወደ ጥግ ሸሹ። ጥግ ስላላቸው።

«ሌላ ስፖንጅ ይሰጡኛል?» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«ይማሉ?»

«በመቀሶቼ።»

በዚህ ጊዜ በፌስታል አልጠቀለለችውም። ከነዝቃጩ፣ ከነውኃው፣ አፉ በተከፈተ ጣሳ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ በአውቶቡስ አመጣችው። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት አፍንጫዋን ያዘች። «ሕመምተኛ ነው እንዴ?» ብትላት፣ «ሐኪም ነው» አለቻት።

ቤት ስትደርስ የማምከኛዋን ድስት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ለባሏ ሰጠችው።

«ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።»

«አንቺን እምቢ ማለት የሚችል ሰው በዚህ ቤት አለ?» አለ ሾፌሩ ቁልፉን እያገላበጠ። «ለሊቀመንበሩ ብሰጠው ይሻላል። እሱ ቢያንስ አይናገርም።»

ቀጥሎ የመጡት ቅዳሜዎች አይወሩ። ሰኞና ማክሰኞ ሰው ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት እጇ ይነሣል። መስታወቱ ላይ ስስ ቡኒ ነገር ተለብዷል፤ ስፖንጁ ይባስ ጠቁሯል፤ አሸዋው ላይ ፋንድያ የመሰለ ነገር አለ። እጇን ለማስያዝ የባሏን ጫማ አጠበች፣ ሶሉን ጭምር። የበሩን ማጠፊያ አጠበች። የተሸነፈውን ክብ ጠርሙስ አጥባ የማንኪያ ማስቀመጫ አደረገችው። ሾፌሩ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ የአንድ እጁ ጥፍር ተቆርጦ አገኘው፤ ሌላኛውን ሳትጠይቀው ዘረጋላት። ከገንዳው ግን ሩቡን ብቻ ቀድታ፣ ያደረ ውኃ ሞልታ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ትቀመጣለች። ሰዓቷን ይዛ የጉንጩን ክዳን ትቆጥራለች።

ቁጥሩ ወረደ። መጀመሪያ በጥቂቱ፤ ከዚያ ደግሞ ጥቂት። ቅላቱ ጠፋ። አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ አገኙት፤ ትንሽ ያጋድላል፣ እንደ ሽማግሌ ባርኔጣ። ግን እህል አልቀመሰም። «የሚበላ ከሆነ ይተርፋል» ብለዋት ነበር መምህሩ፤ «የማይበላ ከሆነ፣ ሲስተር፣ የሚቻለውን አድርገዋል።» ስለዚህ በየቀኑ አተር ትቀቅላለች፤ በሆስፒታሉ ወረንጦ ቆዳውን ትገፋለች፤ እንክብሉን ፊቱ ትይዝለታለች። ሊቀመንበሩ አፉን ይከፍታል። ይዘጋል። ያሳልፈዋል።

የወሩ የመጨረሻ እሑድ ደረሰ።

እትዬ ገቡ፤ ሰላምታ ሰጡ፤ ጣታቸው ወደ መደርደሪያው ስትሄድ መንገድ ላይ ቆመች። ከፊታቸው ያንን የሚያህል ገንዳ፣ ቡኒ መስታወት፣ ጥቁር ስፖንጅ። ሃያ ስምንት ዓመት የፈለጉት ነገር፣ ያውም መብራት በርቶለት፣ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ለመደበቅ ያደረጉት ጥረት ያስመሰግናቸዋል።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» አሉ።

«ደኅና ነኝ እትዬ። ይቀመጡ፣ አተሩን ልጬ መጣሁ» ብላ ሲስተር ጓዳ ገባች።

ሾፌሩ እህቱን ያውቃቸዋልና ዓይኑን አልነቀለም ነበር። ግን ስልክ ጠራና ዞር አለ። እትዬ ክፉ ሴት አይደሉም። ጥፋት ሁሉ በክፉ ሰው የሚሠራ ቢሆን ኖሮ እኮ ዓለም እፎይ ባለ ነበር። የታመመች የወንድማቸውን ሚስት ሊያግዙ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ስፖንጁን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ወደ መታጠቢያው ሄዱ፤ ሳሙና አነሡ፤ ቧንቧውን ከፈቱ።

ሲስተር ወረንጦዋን እንደያዘች የቧንቧውን ድምፅ ሰማች። ስትወጣ ስፖንጁ ከሚወርደው ውኃ አንድ ስንዝር ቀርቶታል።

«እትዬ፣ ያኑሩት።»

በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ከፍ አላለም። ቀዶ ሐኪሙን አየር ላይ ያስቀረው ድምፅ ነበር። እትዬም አየር ላይ ቀሩ።

«ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው። ቆሽሿል።»

«ቆሽሿል፤ ደግሞም ሕይወት አለበት።» ሲስተር መጥታ ቧንቧውን ዘጋች። «እኔ ሳጥበው ሳጥበው ውኃውን አምክኜው ነበር። ከዚህ ቤት መካን የነበረው ውኃው ነው እትዬ። አሁን እሱም ወልዷል። ልጆቹ እጅዎ ላይ ናቸው፣ ቀስ ብለው ይመልሷቸው።»

ቃሏ ቤቱ መሐል ቆመች። ሾፌሩ ስልኩን ሳይዘጋ ከጆሮው አወረደ። እትዬ የወንድማቸውን ሚስት አዩ፤ የጓዳውን በር አዩ፤ ያን ሻዩ የቀረበበትን ቀን ሳያስታውሱት አልቀሩም፣ ጆሯቸው ጫፍ ድረስ ቀልቷልና። አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ዘጉት። እንደገና ከፈቱ። ከገንዳው ውስጥ ሊቀመንበሩ ፊት ለፊታቸው ቆሞ፣ ቁርጥ እንዲያው ያደርጋል።

«ሁለተኛ ሊቀመንበር» አለ ሾፌሩ፤ ለስልኩ ይሁን ለማን አልታወቀም።

እትዬ ስፖንጁን መለሱት። ራሳቸው፣ በራሳቸው እጅ፣ እስከ ክርናቸው እየተንጠባጠበባቸው፣ እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርገው ቦታው አስገቡት። ፓምፑ ማጉረምረሙን ቀጠለ። እጃቸውን ሳይታጠቡ ቆዩ፤ ይህም በዚያ ቤት አዲስ ነገር ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ይበላል?» አሉ።

ሲስተር ቆዳው የተገፈፈውን አተር በመዳፋቸው አኖረችላቸው። «ወደ ታች ነው የሚያዘው። ከፊቱ። አይቸኩሉ።»

እትዬ ጣታቸውን ውኃ ውስጥ ከተቱ። ያቺው ጣት ናት፤ መደርደሪያ ስትዳብስ የኖረችው። ሊቀመንበሩ ትንሽ እያጋደለ መጣ። አተሩን አየ። ጣቲቱን አየ። አፉን ከፈተ፤ በዚህ ጊዜ ሲዘጋው አተሩ ውስጥ ነበረ።

ሲስተር ሰዓቷን አየች፣ ከልማድ። ሾፌሩ ስልኩን ዘጋ። እትዬ ጣታቸውን እንዳለች ትተው፣ «በላ» አሉ፤ እንደገናም፣ «ከእኔ እጅ በላ» አሉ፤ ለቀጣዮቹ ሁለት ሰዓታትም ሌላ ነገር አልተናገሩም።

እሳቸውን ከሸኘች በኋላ ሲስተር መሳቢያውን ከፍታ ነጭ ፕላስተር አወጣች። እንደ ድሮው ቆርጣ፣ እንደ ድሮው በሚነበብ እጅ ጻፈች፦ «አልመከነም። አይነካ።» ቀን፣ ፊርማ። ገንዳው ጥግ ላይ ለጠፈችው። ያኛው ሪፖርት ዛሬም ሐሰት ነው፤ የፈረመችበት ሁለተኛው ግን ይኸው እውነት ሆኖ ተለጥፏል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ወደዚያ ቤት ለጥየቃ የሄድክ እንደሆነ ቡኒውን ስፖንጅ አይተህ አፍንጫህን ብትይዝ ማንም አይቀየምህም፤ ሲስተርም ይዛ ነበር። አንድ ነገር ብቻ እባክህ። ሻዩ ቀርቦልህ፣ ዙሪያውን ቃኝተህ፣ ግድግዳው ላይ የልጅ ፎቶ አጥተህ፣ ያቺ ሰው ሁሉ በየቤቱ ይዟት የሚዞር ጥያቄ ጉሮሮህ ላይ የደረሰች እንደሆነ፣ አፍህን መክፈት አልተከለከለም። ፊት ለፊትህ ያለውን ሊቀመንበር ተመልከት፤ ልክ እንደ እሱ ክፈትና፣ ልክ እንደ እሱ ዝጋው።